ከሽመናቸው ሳይነሱ የተለዩን አማ ሌኪ ዞም

«አማ ሌኪ! ዛሬ ደግሞ ኩርፊያ ነው? ቅርጫትዎን ልመልስ ነው የመጣሁት፤ አቤት ይበሉኝ እንጂ!» እያልሁ ከሰገነታቸው ሥር ቆሜ ጮህሁ። ጥለት ሲቆጥሩ ለማንም እንደማይመልሱ አውቃለሁና «እሺ፣ ሐር ከጎረቤት ይበልጣል ማለት ነው» ብዬ ልሄድ ነበር። ቀና ስል ጀርባቸው ይታየኛል፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ወጥቼ ትከሻቸውን ብነካ ቀዝቅዘዋል። ድሩን የሚወጥረው የወገብ ጠፍር ደግፎ ይዟቸው ኖሯል። ለካ ስቀልድ የነበረው ከሞተ ሰው ጋር ነው። ይህ ከሆነ አራተኛ ቀኑ ነው። ከጎረቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል የዘለቅኸው አንተ ነህ ተብዬ የሕይወት ታሪካቸውን እኔ ጃምባይ ጻፍሁ።

አማ ሌኪ ዞም ከአባታቸው ከአፓ ጦብጌና ከእናታቸው ከአማ ኡግየን ልሃሞ በኩርቶይ አውራጃ፣ በዚሁ በመንደራችን በሮሊንግ፣ በእኛ አቆጣጠር በእሳት ዶሮ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1957 ተወለዱ። ትምህርት ቤት አልገቡም። በስምንት ዓመታቸው እናታቸው ትርፍራፊ ክር ሰጥተው ከሽመና አስቀመጧቸው፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የመጀመሪያውን የሐር ኪራ፣ ያን ሰውነት ላይ የሚጠመጠም የሴቶች ልብስ፣ ሠርተው ለበዓል ለበሱ። ጥለቱን ከየት እንደሚያመጡት ለጠየቃቸው ሁሉ ግንባራቸውን በጣታቸው ይነኩ ነበር። ሰባት የመንደራችንን ሴት ልጆች አስተምረዋል። ሰባቱም የማግ መምቻ እንጨታቸውን ቅምሻ ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ከአፓ ኒዱፕ ጋር በትዳር ተጣመሩ። የተዋወቁት በቀስት ውድድር ላይ ነው። አማ ሌኪ እንደ ልማዱ ተቀናቃኙን ቡድን ከሚሳደቡት ሴቶች ጋር ተሰልፈው «አንተ ኒዱፕ! ኢላማው እዚህ ነው፤ ላሚቷ ምን አደረገችህ?» አሏቸው። ሰውየው ተናደዱ፤ ቀጥሎም ሳቱ። ከተጋቡ በኋላም ቢሆን ኢላማ ሲመቱ ያየ የለም። ሆኖም በፍቅር ኖረው አንዲት ልጅ፣ ሰልደንን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ወለዱ። አፓ ኒዱፕ እ.ኤ.አ. በ2006 በሞት ቀድመዋቸዋል።

ሰልደንን ከሽመናው አንስተው ወደ ትምህርት ቤት የላኩት ራሳቸው ናቸው። ልጅቱ ዋና ከተማው ቲምፑ ቢሮ ከገባች ወዲህ ግን «ሳልሞት አንድ ኪራ ላልብሳት» ብለው ያለፉትን አሥር ወራት በላክ፣ ከነፍሳት በሚወጣው ቀይ ቀለም፣ በተነከረ ሐር ላይ አሳለፉ። ሁለት ስንዝር ሲቀረው፣ ምንም ሕመም ሳይሰማቸው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2019 በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። በዋዜማው እኮ ቃሪያዬን ማቃጠሉ አነሰ ብለው ሲያሙብኝ ነበር!

በመንደራችን ልማድ አስከሬን ከቤት ሳይወጣ የሟች ሸማ ከሽመናው መውረድ አለበት፤ ወይ ያልቃል፣ ወይ በመቀስ ይቆረጣል። ኮከብ ቆጣሪው ደግሞ ለአስከሬኑ ቃጠሎ የዛሬን ቀትር መርጧል። ታናሽ እህታቸው አማ ቸንቾ በሽመና ከሳቸው የማያንሱ ናቸው፤ ጨርሱት ብንላቸው «አልነካውም። ለልጇ ነው የጀመረችው» ብለው መቁጠሪያቸውን ያዙ። መቀሱን የሚያነሳም አልተገኘም።

አማ ሌኪ ልጃቸውን ሰልደንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ለመንገዳቸው የበራው የቅቤ መብራት እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን አይጥፋ፤ ዳግም ሲወለዱም ደግ ቤት፣ ደግ እናት ይግጠማቸው።

ይህን ስጽፍ ነግቷል። ሰልደን የእናቷን ጠፍር በወገቧ አስራ ከተቀመጠች ቆይታለች። ሦስት መስመር ሠራች፤ ጥለቱ ጠመመባት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ዞር አለችና «አክስቴ፣ የኔ እጅ መሆኑ ያስታውቃል?» ስትል ጠየቀች።

አማ ቸንቾ ከመቁጠሪያቸው ቀና ሳይሉ፣ «ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ያስታውቃል» አሏት፤ «ጠበቅ አድርገሽ ምቺው።»