የእግር ማሰሪያው መፍቻ

ሰኞ ጥቅምት 10

ሃብቴ ዛሬ ሥራ አልገባም። ብየዳ ቤታቸው ከኛ ኮፒ ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የሱ መዶሻ ካልተሰማ ወዲያው ይታወቃል። ጠዋት ሙሉ ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አለቃውን ጠየቅሁት። «ትኩሳት ይዞታል፣ እግሩም አልሸከም ብሎታል» አለኝ።

እግሩ።

የሰው መታወቂያ አጣምሜ ኮፒ አደረግሁ። የሱቁ ባለቤት ጋሽ አድማሱ ተቆጡኝ። ይቆጡ።

ልጻፈው፣ አለዚያ ያንቀኛል። ትናንት ከቤተክርስቲያን መልስ እኔና ሃብቴ መልካሙ ክፍል ነበርን። መልካሙ የሐሙሲት ልጅ ነው፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ጨዋታውን ያመጣልን እሱ ነው። ወረቀትና ወሬ ብቻ ነው ጨዋታው። አንዱ ጦረኛ ይሆናል፣ አንዱ አዳኝ ይሆናል፣ መልካሙ ታሪኩን ይናገራል፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዕጣ ይወስናል። የፈረንጆቹ ባለ ሃያ ፊት ጠጠር ደብረ ታቦር ውስጥ የት ይገኛል? ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር በብጥስጣሽ ወረቀት ጽፈን፣ ጠቅልለን፣ ከቆርቆሮ ኩባያ እናወጣለን። ብጥስጣሹን ከሱቅ የማመጣው እኔ ነኝ።

ሁልጊዜ ጦረኛ መሆን ሰለቸኝና «የኛ አገር ድግምተኛ ለምን የለም?» አልሁት። «አንቺ ሥሪያ» አለኝ። ከሰባተኛ ክፍል ላቋረጠች ልጅ፣ አንቺ ሥሪያ! ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ ደብተራ ብዬው ነበር፣ መልካሙ «የቤተክርስቲያን ሰው እዚህ አታስገቢ» አለኝና ደጋሚ አልሁት። እንዲህ ነው፦

ደጋሚ
ጉልበት 6 (የሃብቴ ጦረኛ 14 አለው)
ጋሻ አይዝም፣ ጦር አይዝም
ድግምት በቀን ሦስት፦ ጭጋግ መጥሪያ፣ ውሻ ዝም ማሰኛ፣ እግር ማሰሪያ
ከደገመ እስኪመሽ እህል አይቀምስም
እግር ማሰሪያ የሚሠራው የሰውየውን ክርስትና ስም ካወቀ ብቻ

የመጨረሻዋን ያስገባኋት ለሚዛኑ ብዬ ነው። ያለ ስም ትሠራ በነበረ ጊዜ ከሃብቴ ጋር ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስቴም አሸነፍሁት። «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ቅጣት?» አለ። ክርስትና ስምህን ደጋሚ ካወቀው አለቀልህ፣ ይሄን እኛ አገር ያልሰማ ልጅ የለም፣ ስለዚህ ማንም ስሙን አይሰጥም፣ ከባድ ይሆናል ብዬ ነው። ለጦረኛውም ለደጋሚዋም ክርስትና ስም አውጥተን በየወረቀታችን ጀርባ ጻፍን። የኔ የፈጠራ ነው። ትናንት ጦረኛውን ጠላ ቤት አስገብቼ አሰከርሁት፣ ዕጣው ጣለው፣ ስሙን ነገረኝ፣ እግሩን አሰርሁት። ሳቅን።

ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «የራሴን ክርስትና ስም እኮ ነው የጻፍሁት፣ ሌላ አልመጣልኝም» አለኝ።

ያኔ ነው የበረደኝ።

ማክሰኞ 11

መብራት የለም፣ ኮፒም የለም። ቁጭ ብዬ ጨዋታውን የምመዘግብበትን ደብተር አየዋለሁ። የሃብቴ ስም ተጽፎ፣ ከጎኑ «እግሩ ታስሯል፣ መፍቻ ገና» ይላል። በእኔ እጅ።

ስሙን ሰረዝሁት። ከዚያ ደሞ ስም መሰረዝ ራሱ መጥፎ ነገር ቢሆንስ ብዬ እንደገና በንጹሕ ጻፍሁት። ከዚያ ደሞ ወይኔ፣ ሁለቴ ጻፍሁት ማለት ነው አልሁ። አሁን ደብተሩን የወረቀት ካርቶን ሥር ደብቄዋለሁ፣ ይሄንን በሌላ ደብተር ነው የምጽፈው።

መልካሙን አገኘሁት። «ተስቦ ነው አንቺ፣ ጤና ጣቢያ ደሙን አይተውታል፣ አምስት ቀን መርፌ ታዞለታል» አለኝ። ቀለል አለኝ። ግን አፉ አያርፍም፣ «ይልቅ መፍቻ ሥሪለት ብዬሽ አልነበር? መፍቻ የሌለው ድግምት ሚዛን የለውም» አለ። ስለ ጨዋታው ነው የሚያወራው። እኔ ሌላ ነገር ነው የሰማሁት።

መልካሙ የማያውቀው አለ። ገሳይ ማዶ፣ እኛ ሰፈር፣ የአባቴ አጎት በድግምት ይታማ ነበር። እኔ አላየሁም። ግን ልጅ ሆነን ምንጭ ስንወርድ ሌሎቹ እንስራቸውን ከኛ ያርቁ ነበር። እናቴ ክርስትና ስሜን ስታስጠናኝ «ለባልሽም ቢሆን እንዳትነግሪ፣ በእኛ ዘር ላይ የሚበቀል አይጠፋም» አለችኝ። ነግሬ አላውቅም። ለማንም።

በደም የሚመጣ ነገር ቢሆንስ? እኔ ሳላውቀው?

ረቡዕ 12፣ ሚካኤል

መጡ።

የሃብቴ እናት፣ እማማ ጥሩነሽ። ከሚካኤል ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሱቅ ገቡ። ሁለት ተማሪዎች ተራ ይጠብቁ ነበር።

«ትርንጎ ማናት?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ልጄ በትኩሳት ሲቃዥ ትርንጎ እግሬን አሰረችው፣ ትፍታኝ፣ ትፍታኝ ይላል። ምን አድርገሽው ነው?»

«ጨዋታ ነው እማማ...»

«ክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ?»

ዝም አልሁ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልሁ!

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? አገርሽ የት ነው?»

ገሳይ ማዶ አልሁ። ምላሴን ነከስሁት ግን ወጥቷል። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አልጮሁም፣ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«እሑድ ኪዳነ ምሕረት ናት። እስከዚያ ፈትተሽው ልጄ ቢቆም ቆመ። አለዚያ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ማን እንደሆንሽ እናገራለሁ።»

ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን ሳይወስዱ ወጡ። ጋሽ አድማሱ ከውስጥ ሰምተዋል። «እኔ በዚህ አላምንም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደሞ «ግን ሰው የሚፈራት ልጅ ሱቅ ውስጥ አላስቀምጥም» አሉ።

ከዚህ ብባረር የምገባበት የለኝም። ሰፈር ብመለስ እዚያስ ማን ነኝ?

እራት አልበላሁም።

ሐሙስ 13

መልካሙ «እኔ ሄጄ አስረዳቸዋለሁ፣ የተማረ ሰው ሲነግራቸው ይሰማሉ» ብሎ ሄደ። ወረቀቶቹን ሁሉ ይዞ። ኩባያውንም።

በግማሽ ሰዓት ተመለሰ። ፊቱ ቀልቷል።

«ምን አሉህ?»

«ጨዋታ ነው አልኋቸው። በልጄ ትጫወታላችሁ? አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሻ ለቀቁብኝ።»

ሳቅሁ። በእመብርሃን፣ ሳቅሁ። ውሻ ዝም ማሰኛ ድግምት አለችኝ እኮ፣ ይዘሃት በሄድህ አልሁት። እሱም ሳቀ። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርሁና ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ወረቀት አቀበለኝ፣ አፍንጫዬን እንድጠርግበት። የጋሽ አድማሱን ንጹሕ ወረቀት።

ለካስ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። ጨዋታ ነው ብል አያምኑኝም። ስለዚህ መፍቻውን መሥራት። ምሳ ሰዓት ሙሉ ሞከርን።

ጸበል ይረጭበታል። (መልካሙ፦ ቅዱስ ነገር አታስገቢ አልሁሽ)
አሥርና ከዚያ በላይ ካወጣ ይፈታል። (መልካሙ፦ ዝም ብሎ? ታዲያ ማሰሩ ምን ጥቅም አለው፣ ረከሰ)
ደጋሚዋ ከሞተች ይፈታል። (እኔ፦ አይሆንም!!)
በሦስተኛው ቀን ራሱ ይፈታል። (አራተኛ ቀኑ ነው)

«ዋጋ ያስፈልገዋል» ይላል መልካሙ፣ «ያሰረው ሰው የሚያመው ዋጋ።» እሱ ስለ ሚዛን ነው። እማማ ጥሩነሽም ዋጋ የሌለውን መፍቻ አያምኑም። ሁለቱ ሳይገናኙ አንድ ነገር ነው የሚሉት፣ እኔ መሐል ላይ ነኝ።

አርብ 14

ሃብቴ አልተነሳም። ትኩሳቱ ቀንሷል፣ እግሩ ግን እንደዚያው ነው አለኝ አለቃው። ያየኝ አስተያየት። ወሬው ደርሶታል።

ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ነበር። የገሳይ ሚኒባስ ልትሞላ ሁለት ሰው ቀርቷታል፣ ረዳቱ «ግቢ እህቴ፣ ግቢ» ይለኛል። ከሄድሁ ግን አደረገችው ማለት ነው። ተመለስሁ።

ከሰዓት አንዲት ሴትዮ የልጇን የክርስትና ወረቀት ኮፒ ልታደርግ መጣች። ወረቀቱን ስትሰጠኝ አውራ ጣቷ ስሙ ላይ ነው፣ አትለቅም። «ማሽኑ ላይ ራሴ ላስቀምጠው?» አለች። አስቀመጠች፣ ክዳኑን ራሷ ዘጋች፣ ሲወጣ ራሷ ወሰደች። ትኩሱን ወረቀት ደረቷ ላይ ገልብጣ ይዛ ወጣች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ዋጋው ይሄ ነው። ያሰረችው የራሷን ስም ለታሰረው ትሰጣለች። ስሙን ይዛበታለች፣ ስሟን ይይዝባታል። እኩል።

ደስ አለኝ! ለአንዲት ደቂቃ እኮ ነው፣ ደስ አለኝ፣ ሁለት ወር ያጣሁትን አገኘሁት። ከዚያ የማን ስም እንደሆነ ትዝ አለኝና መቀመጫ ፈለግሁ።

ቅዳሜ 15

ለመልካሙ አነበብሁለት፦ እግር ማሰሪያ የሚፈታው ደጋሚዋ የራሷን ክርስትና ስም ለታሰረው ከሰጠች በኋላ ነው። ዕጣ ይወጣል። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ተፈታ። ካልሆነ በማግሥቱ እንደገና፣ ስሟ ግን አይመለስላትም።

ወረቀቱን ተቀብሎ እንደገና አነበበው። «እኔ ከፈረንጆቹ መጽሐፍ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለ። «አሁን ማንም ዝም ብሎ ሰው አያስርም። ልክ ነው ሚዛኑ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት እበርበት ነበር።

ከዚያ አስተያየቴን አየና «እዚያ ቤት ደግሞ የፈጠራውን ስም ነው የምትነግሪያቸው አይደል? ያንን የደጋሚዋን» አለኝ።

«አዎ» አልሁ።

እውነቴን ነው። የፈጠራውን ነው። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ነገ የፈጠራውን።

እሑድ 16፣ ኪዳነ ምሕረት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን አይታችሁ አትፍረዱብኝ፣ ለማን እንደምል አላውቅም።

ከቅዳሴ በፊት ሄድሁ። መልካሙ ከውሻው የተነሳ በሩ ላይ ቀረ። ሃብቴ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል። ትናንት መርፌውን ጨርሷል።

«መጣሽ?» አለኝ። «እማዬ፣ ጨዋታ ነው ብዬሽ እኮ ነበር፣ ስቃዥ ነው...»

«ዝም በል አንተ! ስምህን የበተንኸው አንተ» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ዕጣ ነው እማማ።»

«ዕጣ?» ኩባያውን አዩት። ትንሽ ለዘብ አሉ። «ዕጣ እንኳ እኛም ማኅበር ላይ እናወጣለን።»

መፍቻውን ነገርኋቸው። ስሜን እሰጣለሁ ስል ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ በፊት አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ አዩኝ። ጨዋታ እንዳልሆነ ይሄኔ ነው ያመኑት፣ ወይም የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ፣ እኔ እንጃ።

ወደ ሃብቴ ጆሮ ጎንበስ አልሁ። የፈጠራው ስም አፌ ላይ ነበር። እሱ ግን የራሱን ነው የሰጠኝ፣ ባያውቀውም ሰጥቶኛል፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እኔ ጋ ነበር ስሙ። ወለተ ብዬ ጀመርሁና እውነተኛውን ጨረስሁት። እዚህ አልጽፈውም።

«ለእኔም» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

ሕጉ ላይ የለም። ስሜን ግን ነገርኋቸው።

አማተቡና እጃቸውን ኩባያው ውስጥ ከተቱ። አንዱን ጥቅል አውጥተው ፈቱት። ማንበብ አይችሉም። «ስንት ነው?» አሉኝ።

አራት።

አሥራ አራት ብል ማን ያውቃል? ሃብቴ ከወዲያ ነው፣ አይታየውም። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት፣ በራሴ እጅ የጻፍሁት አራት ነው።

«አራት ነው እማማ። አልተፈታም።»

እጃቸው ወረደ። ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደሄደ አላውቅም፣ አንዲት የደከሙ ሴትዮ ነበሩ። ልጃቸውን ያዩታል። እኔም አላስችል አለኝ፣ አፌ ራሱ ተናገረ።

«እናት ሁለት ጊዜ ታወጣለች።»

«እንዲያ ይላል?» አለ ሃብቴ።

«እንዲያ ይላል» አልሁት።

ወዲያው አወጡ። አሥራ ሰባት። ሃብቴ ተቀብሎ አየና «አሥራ ሰባት እማዬ!» አለ። እግሩን ከአልጋው አወረደ። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት እርምጃ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳውና ደፉ ላይ ተቀመጠ፣ ፀሐይ ላይ፣ እየሳቀ። መልካሙ ከደጅ እንደ እብድ ያጨበጭባል፣ ውሻው ይጮህበታል።

መርፌው ነው። አውቃለሁ መርፌው ነው። ትናንትም ቢሞክር ይቆም ነበር ይሆናል።

እማማ ጥሩነሽ ምሳ አቀረቡልኝ። «ብዪ፣ ከስተሻል» አሉኝ። ከረቡዕ ጀምሮ እህል በደንብ የቀመስሁት ዛሬ ነው፣ ለካስ የደጋሚዋን ዋጋም ስከፍል ነበር። ደጀ ሰላም ላይ አይቆሙም። ነገ ሱቅ እገባለሁ። መልካሙ «እናት ሁለት ጊዜ ታወጣለች የሚለውን ሕጉ ውስጥ አስገቢው» አለኝ። አስገባዋለሁ።

ስወጣ ግን በሩ ድረስ ሸኙኝና ክንዴን ያዙ። ስሜን፣ ያንን ስሜን፣ ቀስ ብለው ጠሩኝ። ከእናቴ በቀር በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም።

«አልረሳሽም» አሉኝ።

ሊጸልዩልኝ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅሁም። ቤቴ እስክደርስ መንገዱን ሙሉ እግሬን እያየሁ ሄድሁ።