የኦሸር ኦርኪድ

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከሥራ ስገባ የታሚር ክፍል እንደ ጠዋቱ ተዘግቷል። የመስኮቱ መዝጊያ፣ ትሪሱም፣ ወርዷል። ልጄ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ድምፅ አይችልም... ሞተር ሳይክል ሲያልፍ እንኳ ግድግዳ ይይዛል።

«በላህ?»

«አኽሻቭ ሎ፣ እማ።»

በዕብራይስጥ አሁን አይሆንም ማለቱ ነው። መቼ ነው ታዲያ? ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ትንፋሹን ሰማሁ። ከዚያ ነው ጫማዬን ያወለቅኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ወጣ! አበባውን ሊያጠጣ። የጓደኛው የኦሸር ነበር። አብረው ዘመቱ፤ ኦሸር አልተመለሰም። እናቱ ካሪን ከሐዘኑ በኋላ «አንተ ያዘው» ብላ ሰጠችው።

ኦርኪድ ነው፣ እዚህ ሳኽላቭ ይሉታል፤ ቫንዳ የሚባለው ዓይነት። አፈር የለውም። ሥሩ እንደ ገመድ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ታሚር ባልዲ ውስጥ ይነክረዋል፤ ግራጫው አረንጓዴ ሲሆን አውጥቶ ያንጠፈጥፈዋል።

«አገሩ የት ነው?» አልኩት።

«የህንድ ተራሮች። ድሮ እንግሊዞች ለዚህ ሰማያዊ ቀለም ሲሉ ከዛፍ ላይ እየነቀሉ በመርከብ ጫኑት። ብዙው መንገድ ላይ ሞተ። አሁን የሚሸጠው ተዳቅሎ የተራባ ነው።»

ይህን ያህል ሲያወራ ከሰማሁት ስንት ጊዜ ሆነኝ? ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ልጄን የያዘው ይሄ አበባ ብቻ ከሆነስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

የቅጠሎቹ መሀል ጠቁሯል።

«ውሃ ቆሞበት ነው። አየር ይፈልጋል» አለ። ከዚያ ትሪሱን አነሳው። ራሱ!

እግዚአብሔር ሆይ፣ ይህን አበባ አትግደልብኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ጥቁሩ ወደ ታች ወርዷል። ሁለት ቅጠል እጁ ላይ ቀረ። ምሳ አልበላም።

ቢላዋውንና መድኃኒቱን ጎረቤት ወስጄ አስቀመጥኩ። ምን አስቤ? መጻፉንም ፈራሁ...

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ስልክ አላነሳ አለኝ። ከሥራ ሮጬ መጣሁ። በሩ ክፍት። ታሚር የለም። አበባውም የለም።

መጀመሪያ የታየኝ ከቤታችን የማይርቀው ባሕር ነው። ሰፈራችንን አቲቆትን እየጮህኩ አዳረስኩት። ጎረቤታችን ነታ ደወለች፤ አውቶቡስ ጣቢያ አይታዋለች።

አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ አበባውን በከረጢት አቅፎ። ለአንድ አትክልተኛ ሊያሳየው ነበር።

«አውቶቡሱ እየመጣ ይሄዳል፣ እማ። መውጣት አቃተኝ። ፈራሁ።»

አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ የኔ ጌታ። ራስህን የምትጎዳ እየመሰለኝ።»

ከረጢቱን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ። ከዚያ... «አንዳንዴ አስበዋለሁ» አለኝ።

እጁን ያዝኩት። ቤት እስክንገባ አልለቀቅኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አበባው ሞተ። መሀሉ በስብሶ ወደቀ።

«ለካሪን ራሴ ልንገራት» አለ ታሚር። ግቫት ጺዮን ሰፈር፣ ቤቷ ድረስ በእግራችን ሄድን። ስትከፍትልን ፊቱ በላብ ርሷል።

«ካሪን፣ የኦሸርን ሳኽላቭ ገደልኩት።»

አየችው... አየችውና ሳቀች። እንባዋ እየወረደ።

«ኦሸርም ሁለት ገድሏል! ይሄ ሦስተኛው ነው። አልነገረህም?»

ታሚርም የሳቀ መስሎኝ ነበር። እያለቀሰ ነው። ከተመለሰ ጀምሮ አልቅሶ አያውቅም። ካሪን አንገቱን አቀፈችው።

«አበባ ይገዛል። አንተን ከየት እንገዛለን?»

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመ። «እማ፣ ሐኪም ጋ ቶር ያዢልኝ። አንቺም አብረሽኝ ግቢ።»

ቀጠሮውን ያዝኩ። ለሐሙስ።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን ዛሬ ብቻዬን አይደለም የምፈራው።