ቀዩ የቱ ነው

መጋቢት 3 ቀን

ሹራቡ ትናንት ደረሰኝ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እባክሽ ደረጃውን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አትውጪው። እኔ ደህና ነኝ። ዓመቱን ሙሉ "ደህና ነኝ" ብዬ ስጽፍልሽ ውሸት ነበር። ዛሬ ግማሹ እውነት ነው፤ ስለ ሌላው ግማሽ ልናዘዝልሽ ነው የተቀመጥኩት።

የታፔላ መጻፊያ ሱቃችንን ከፍቼዋለሁ። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ አሥራ አንድ ወር ቁልፉን ኪሴ ይዤ እዞር ነበር እንጂ በዚያ መንገድ እንኳ አላልፍም ነበር። ያስከፈተኝ ባለ ሥጋ ቤቱ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የጻፍንለት ታፔላ ቀለሙ ተልጦ ከሩቅ አይነበብም። እቤት ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመና ሌላ ጸሐፊ እንደማይፈልግ፣ እኔ ካልሠራሁለት ባዶውን ቆርቆሮ ሰቅሎ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። እልኸኛ ነው፤ ያደርገዋል።

ሄድኩ። ሁሉም ነገር አቧራ ለብሷል። ብሩሾቹን ወንድሜ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ቀለም በሚያቀጥነው አኳራጅ አጥቦ፣ ጫፋቸውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ እንደ ውፍረታቸው ደርድሯቸው ነበር። አንዱን አነሳሁ። ቀለም ነክሬ "ሥጋ ቤት" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። የ"ጋ"ን እግር ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ሳወርደው ሳላውቀው አፏጨሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለችና፣ "እሰይ፣ ወፏ ተመለሰች" አለችኝ። ወዲያው ዝም አልኩ። አፈርኩ እማዬ። እሱ ከመሬት በታች ሆኖ እኔ አፏጫለሁ። ግን ያን ቀን ምሳዬን የበላሁት ርቦኝ ነው። ብርቱካን ልጬ ሽታው እጄ ላይ ሲቀርም ደስ አለኝ።

ታፔላውን በሦስተኛው ቀን ሰቀልነው። ባለ ሥጋ ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ አየው፤ ተመልሶ መጥቶ እኔን አየኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጠብ አለን እንዴ?" አለኝ።

የለንም አልኩት።

"ታዲያ ሥጋ ቤቴን ምን አረንጓዴ አስደረገህ? ሰው ሰላጣ የምሸጥ መስሎት ያልፈኛል እኮ።"

የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ቀለም ሻጩ ነው ያሳሳተኝ አልኩ። ዋሸሁ። ሱቁን ቆልፌ ሄድኩ፤ ሦስት ቀን አልከፈትኩም። ዳግመኛም ላልከፍተው ወስኜ ነበር።

እውነቱ ይኸውልሽ። ቀይና አረንጓዴ ለእኔ አንድ ናቸው። ልጅ ሆኜም አንድ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ቀለሙ ሲያምር እያለ ያመሰገነኝ በወንድሜ ዓይን ነው። ቀለሙን የሚበጠብጠው እሱ፣ የሚመርጠው እሱ፣ በየጣሳው ክዳን ላይ የቀለሙን ስም የሚጽፈው እሱ። ሰው ግን እሱን "ረዳትህ" ይለኝ ነበር፤ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል፣ አንድም ቀን አላረመም። እኔም አላረምኩም። የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ያን ዕለት ቀለሙ ከቆይታ ብዛት ከላይ ቆዳ ሠርቶ ስለነበር ሁለት ጣሳ አብሬ ከፍቼ አማሰልኩ። ክዳኖቹን ስመልስ ተቀያየሩብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጣሳው ውስጥ ያያል፤ ክዳን አያነብም። እኔ ያነበብኩት ክዳኑን ነው።

እንግዲህ ትናንት ያንቺ ጥቅል መጣ። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ የሹራብ መርፌዎችሽን ጠቅልለሽ ቁም ሳጥን አናት ላይ እንደወረወርሻቸው አክስቴ ጽፋልኝ ስለነበር ሹራብ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ስፈታው አንገቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። "ቀይ ነው። ያምርብሃል" ትላለች።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም እኮ። ወረቀቷን ደጋግሜ አነበብኳት። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ቲማቲም ግዛ ብለሽ ልከሽኝ ኪሎ ሙሉ ጥሬ ይዤ የመጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። አልተቆጣሽኝም። ከዚያ ወዲያ ቲማቲም የሚገዛው ወንድሜ ሆነ፤ እኔ ከመላላክ ያመለጥኩ መስሎኝ ስፈነድቅ ነበር። የቀለም እርሳሶቼ ላይ ስማቸውን በትንንሽ ፊደል መጻፍ የጀመረልኝም በዚያው ሰሞን ነው። ማን እንደነገረው አሁን ገባኝ።

ሹራቡን ለብሼ ነው የምጽፍልሽ። ደረቱ ደህና ነው፤ እጅጌው ግን ጣቶቼን ይሸፍናል። እስከ ብብቱ ድረስ ያለው አሠራር ጠበቅ ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ላላ ይላል፤ መሃል ላይ ክሩ የተቋጠረበትን ቦታ በጣቴ አገኘሁት። ለማን እንደተጀመረ አልጠይቅሽም። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ እለብሰዋለሁ። መልስልኝ ላስተካክለው እንዳትዪ። ስለጨረስሽው ደስ ብሎኛል።

ዛሬ ጠዋት ባለ ሥጋ ቤቱ ጋ ሄጄ ቀለም ሻጩ ምንም እንዳላጠፋ፣ ጥፋቱ የዓይኔ እንደሆነ ነገርኩት። ወንድሜ ረዳቴ እንዳልነበረም ነገርኩት። ከዚያ ሽርጡ ላይ ያለውን እድፍ እያሳየኝ፣ "ይሄስ ምን ቀለም ይመስልሃል?" አለኝ። እሱ ሥጋ ቆራጭ ከሆነ ቀይ መሆን አለበት አልኩት። ሳቀና፣ "በል እስከ ነገ ታፔላዬንም እንደሱ አድርግልኝ" አለኝ።

ሁለቱ ጣሳዎች ያለ ክዳን ፊቴ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሸፍናለች፤ ለምሳ ልትወጣ ነው መሰለኝ። ጣሳዎቹን ይዤ ሳታመልጠኝ ልሻገርና ቀዩ የቱ ነው ብዬ ልጠይቃት። በዕድሜዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ጣቶችሽን ያበርታልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ እማዬ።

ታናሹ ልጅሽ