ሽንኩርት ማሳዬ ላይ የሚያልፈው ጥላ

ሰኞ
አሁንስ በዛ! ዛሬ ደግሞ ነጭ መኪና መጥቶ ማሳዬ ዳር ቆመ። ሜሮን የምትባል ልጅ ወረደችና፣ "እትዬ ዘይነብ፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት፤ ሰማይ ነው የማጠናው" አለችኝ። ሰማይ የሚያጠና ሰው መሬት ላይ ምን ይለካል? አራት ችካል ተከለች። በስልኳም የሆነ ነገር ለካች። ባሌ ከሞተ ወዲህ የይዞታ ደብተሩ እስካሁን በሱ ስም ነው። ወንድሙ ይማም ዓይኑን ከማሳው ላይ ነቅሎ አያውቅም። እሱ ልኳት ቢሆንስ?

ማክሰኞ
ጠየቅኳት። ከፕላኔቶቹ ሁሉ ወዲያ የምትዞር ትንሽ የበረዶ ዓለት አለች አለችኝ። ሐሙስ ማታ አንድ ኮከብ ትጋርዳለች፤ ጥላዋ በሸዋ ሮቢት በኩል ያልፋል፤ ኮከቡ ስንት ሰከንድ እንደጠፋ ከታወቀ ስፋቷ ይታወቃል። ያ ረቢ! በዚህ ሙቀት የበረዶ ወሬ! ብርዱ አገር ደብረ ሲና ወጥታ ብታወራው እንኳ ያምርባት ነበር። "ለምን የእኔ ማሳ?" ስላት፣ "ዛፍ የለበትም፤ ከከተማው መብራትም ይርቃል" አለች። መልስ አታጣም። ይሄም አልጣመኝም።

ረቡዕ
ይማም ከሜሮን ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁት። እሷ ትስቃለች። በቃ፣ ቁርጤን አወቅኩ። የውኃ ተራዬ ቅዳሜ ነበር፤ ከጎረቤቴ ከፋጡማ ጋር ተለዋወጥኩ። ነገ ከሰዓት ቦዩን ችካሎቹ ላይ እለቀዋለሁ። ጭቃ ትለካ እንደሆነ እናያለን።

ሐሙስ
ለቀቅኩት። ሜሮን መጥታ አየችና ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ስንት ጊዜ ተዘጋጅቼበት ነበር፣ እትዬ!" አለች። መሬት ሊቀማ የመጣ ሰው እንዲህ ያለቅሳል? ይማም ምን እንዳላት ጠየቅኳት።
"'መሬቱ የኔ ነው፣ እኔን አስፈቅጂ' አለኝ። ሲኮተኩቱ ያየሁት እርስዎን ነው ብዬ ሳቅሁበት።"
አፈርኩ። እሱን መጠርጠሬ ልክ ነበር፣ እሷን ግን በደልኳት። የኮከብ ማያ መሣሪያዋን አብረን ተሸክመን ደጄ ላይ ደረቁ ቦታ ተከልነው። ከዒሻ ሶላት በኋላ ኮከቡን በኮምፒውተሯ አሳየችኝ። እልም አለ! ትንፋሼን ሳልመልስ ደግሞ ቦግ አለ። "ወላሂ ጠፋ!" ብዬ ጮህኩ። ሜሮን አቀፈችኝ።

ዓርብ
ልትሄድ ስትል ወረቀት አወጣች። "የታየው ከማን ይዞታ ላይ ነው ብዬ ልጻፍ?" ደግሞ ጠረጠርኩ። ወረቀት ነዋ! ሁለቴ አስነበብኳት፤ ሦስተኛውን ራሴ አነበብኩ። ከዚያ "የዘይነብ ብለሽ ጻፊ" አልኳት። ጻፈች። መሬቴ በስሜ ሲጻፍ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ለበረዶ ዓለት!
እስከ ዛሬ ያልደፈርኩትን ደፍሬ፣ ቀበሌ ሄጄ "ደብተሩን በስሜ አዙሩልኝ" አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ "ሰኞ ተመለሺ" አለ። ይማም ቀድሞኝ ሳያናግረው አይቀርም። ቢሆንም ሰኞ በሩ ሳይከፈት እዚያው ነኝ።