የመጨረሻዋን ቁራሽ ስለበሉት ስለ አቶ ሃንክ

ይድረስ «ቀጥ ያለ ፈር» የተሰኘው የጠዋት የሬዲዮ ዝግጅት ባለቤት፣ የተረሳው ሕዝብ ድምፅና የግብር ከፋዩ ጠበቃ ለሆኑት ለክቡር አቶ ክሌይ ራትሌጅ። ማዕረጎቹን ለራስዎ የሰጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ የዘለልኩት ካለ ይቅር ብለው በእጅዎ ይጨምሩበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጉሮሮዎ እንዴት እንደከረመ እጠይቃለሁ። ለአገር ሲል በየጠዋቱ የሚጮህ ጉሮሮ በቀላሉ እንደሚቆስል ስለምረዳ፣ ማርና ሙቅ ውኃ እንዳይለይዎ እመኛለሁ። በእኛ በኩል፣ እዚህ ነብራስካ ታልማን አውራጃ፣ ነፋሱ እንደ ልማዱ ይነፍሳል፤ አኩሪ አተሩ ገዢ አጥቶ በጎተራ ተኝቷል፤ እኛም ደኅና ነን።

አርዲስ ሉንድግረን እባላለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ከባለቤቴ ከሜርል ጋር በእርሻችን ላይ ኖሬ፣ አሁን እሱ በአውራጃችን የአረጋውያን መጦሪያ፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን በቤታችን እገኛለሁ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩም «እህ» እና «አይ» ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በየጠዋቱ እሄድና ፂሙን እላጨዋለሁ፤ ከዚያም አብረን እርስዎን እናዳምጣለን። እርስዎ ሲናገሩ ራሱን በመስማማት ይነቀንቃል፤ እኔ ስናገር ግን አይነቀንቅም። ይህንን ከቅሬታዎቼ ጋር አልቆጠርኩትም፤ ጤነኛ በነበረበት ጊዜም እንዲሁ ነበር።

ከዚያኛው ወገን የመጣች ሴት ናት ብለው እንዳይሠጉ አስቀድሜ ላረጋግጥልዎ። እርስዎ «ምረጡት» ያሉንን ሰው ስመርጥ ኖሬያለሁ፤ ግብር ሲጨምር አልወድም፤ በግቢያችን ያለው ባንዲራም እርስዎ ሬዲዮ ላይ ከመውጣትዎ በፊት የተሰቀለ ነው። መጠርጠርንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «ማንንም አትመኑ፤ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍለው ጠይቁ» እያሉ መክረውናል። እኔም ታዛዥ ተማሪዎ ነኝና እነሆ ጠየቅሁ። ትምህርቱ ወደ መምህሩ ቢመለስ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ ዕንቁላልን ይመለከታል። ሥልጣኑ በሌሎቹ እጅ በነበረ ጊዜ የዕንቁላሉን ዋጋ በየጠዋቱ እንደ መርዶ ያነቡልን ነበር፤ ሜርልም «አይ፣ አይ» እያለ ያዝን ነበር። የእኛዎቹ ባሸነፉ ማግስት ግን ዕንቁላሉ ከዝግጅትዎ ጠፋ። እኔ ያንኑ ዕንቁላል ከዚያው መደብር በዚያው ዋጋ እየገዛሁ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእርስዎ ግን ቀስ በቀስ ማለት ሳያስፈልገው በአንድ ምሽት ተነሥቶ ሄዷል። የአኩሪ አተራችንን የውጭ ገዢዎች ስላሸሸብን ቀረጥም «ትንሽ ያመናል፣ ከዚያ እንድናለን» ብለው ስላጽናኑን ምስጋናዬ ይድረስዎ። የእህል ጎተራው ኃላፊ ዌንደል ይህን ሰምቶ፣ አኩሪ አተሩን በአካፋ እያገላበጠ፣ «እሺ፣ ያመናል ይበል፤ ሰውዬውን ግን የት ጋ ነው ያመመው?» ብሎ ጠይቆኛል። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ።

በዚሁ ላይ፣ ኢኮኖሚያችን በታሪኩ እንዲህ ጋልቦ እንደማያውቅ ባበሠሩን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይበላሽ የደረቀ ባቄላ በባልዲ ይሸጡልናል። ኢኮኖሚው የሚጋልብ ከሆነ ባቄላውን ከደረጃ ሥር የምደብቀው ለምንድን ነው? ሊወድቅ ከሆነ ደግሞ ስለ ግልቢያው ለምን ይነግሩኛል? ሁለቱንም አንድ ላይ ለማመን ከልቤ ሞክሬ ባልዲውን ገዝቻለሁ። እስካሁን አልከፈትኩትም፤ እዚያ ውስጥ ባቄላ ስለመኖሩም መጠርጠር ጀምሬያለሁ።

ሁለተኛው ትንሽ ነገር ነው። «ከጎተራዬ ሆኜ ነው የማነጋግራችሁ» ይሉናል፤ ከጀርባዎም አውራ ዶሮ ይጮኻል። አውራ ዶሮ በቤቴ አሳድጌ አውቃለሁ፤ ማስታወቂያ ሊጀምር ሲል ብቻ የሚጮህ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ጥሩ ዘር ከሆነ ከዘሩ ዕንቁላል ቢልኩልኝ አስፈለፍለዋለሁ።

ሦስተኛው የስልክ መስመርዎን ይመለከታል። «መስመሩ የእናንተ ነው» ስላሉን፣ ባለፈው የመከር ወቅት ደፍሬ ደወልኩ። አንዲት ጨዋ ወጣት አነሣች።

«ምን ሊሉ ነው፣ እማማ?»

«ስለ አውራጃችን መጦሪያ ነበር።»

«ይዘጋ ነው አይዘጋ?»

«ኧረ አይዘጋ ነው እንጂ ልጄ።»

«እሺ፣ መስመሩ ላይ ይጠብቁ።»

ሙዚቃ ከፈተችልኝ። ሙዚቃው አገር ወዳድነት የሚቀሰቅስ ስለነበር ቆሜ አዳመጥኩት፤ ዝግጅቱ አልቆ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስም ማንም አላነጋገረኝም። ዌንደል ደውሏል፤ ፓስተራችን ደውለዋል፤ ሁላችንም ያንኑ ሙዚቃ በቃላችን ይዘናል። ከታልማን አውራጃ ደውለው በመጀመሪያው ጥሪ የሚገቡት አቶ ሃንክ ብቻ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ቅሬታዬን በቁጥር ማስቀመጡን ትቼዋለሁ፤ የቀረው ሁሉ አቶ ሃንክ ነውና።

ደብዳቤዬ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ አቶ ሃንክ ዘወትር ማክሰኞ የሚደውሉ «ከታልማን አውራጃ ሰሜን ጫፍ ያሉ ተራ ገበሬ» ናቸው። ቀረጡ ተመችቷቸዋል፤ አኩሪ አተራቸው ተሽጧል፤ መንግሥት አንዳች ነገር ባቋረጠ ቁጥር ደስታቸው ይጨምራል። ከእርስዎ ጋር ያላቸው መግባባት የሚያስቀና ነው፤ እስከዛሬ አንዳችሁ የሌላችሁን ቃል ስታቋርጡ ወይም እኩል ስትስቁ ሰምቼ አላውቅም። እኔና ሜርል ይህን ያህል ዘመን በትዳር ኖረን እዚህ ደረጃ አልደረስንም።

ታዲያ አቶ ሃንክ ከበልግ ጀምሮ ነገራቸው ሁሉ ስለ መጦሪያው ሆነ። «እኛ የታልማን ሰዎች አባቶቻችንን ራሳችን እንጦራለን፤ መንግሥት ምን አገባው? ዝጉልን!» ይላሉ። እርስዎም «እግዜር ይባርክህ ሃንክ፣ የሕዝቡ ድምፅ ይህ ነው» ይሉና ዶሮው ይጮኻል። ከዚያም በትልቁ ከተማ ያለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የአረጋውያን መኖሪያ «ወላጅዎን ለእኛ ይተዉልን» የሚል ማስታወቂያ ይከተላል። እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ሃንክ፣ ዶሮው፣ ማስታወቂያው፣ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ብቻ አስተውያለሁ።

መጦሪያው ከአውራጃው ግብር ይደጎማል፤ እንዲዘጋ ወይም እንዳይዘጋ የሚወስነውም የአውራጃው ቦርድ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ በይፋ ስብሰባ ላይ «በሬዲዮ እንደምንሰማው ሕዝባችን ይዘጋ ብሏል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከተዘጋ ሜርልን የሚወስዱት ወደዚያው ትልቁ ከተማ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ለአውራ ጎዳና አይበቃም። እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ላቁመውና፣ ፈርቻለሁ። ፂሙን የማያውቀው ሰው እየላጨው፣ እኔ የት እንደገባሁ ለመጠየቅ ቃል አጥቶ ሲቀመጥ ይታየኛል።

ስለዚህ አቶ ሃንክን ፈልጌ እጃቸውን ይዤ ልለምናቸው ተነሣሁ። በእኛ አገር መኪና ሲተላለፍ ሹፌሩ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አንሥቶ ሰላም ይላል፤ ጣቱን ያላየንለት ሰው የለም። የሰሜኑን ጫፍ እህል ሁሉ የሚመዝነው ዌንደል ነው፤ ስጠይቀው «ሃንክ? አንድ ሃንክ ነበረ፣ እሱም ሞቷል፤ የቀብሩ ዕለት ሳንድዊቹን የሠራሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ። እውነት ነው፣ ሠርቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ሰውን ያለማስረጃ ውሸታም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ምናልባት ዓይናፋር ይሆናሉ ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ግን አቶ ሃንክ ደወሉ። «እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የእራት ግብዣ ነበረን» አሉ። «የፖም ፓይ አንዲት ቁራሽ ቀርታ አገኘሁ፤ ብድግ አድርጌ ግጥም! እንዲህ ዓይነት ሴቶች ያሉት ሕዝብ መጦሪያ ምን ያደርግለታል?» እርስዎም ሳቁ፤ ከእሳቸው በኋላ።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ይሉኝታ ከሃይማኖት ይቀድማል። የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚወስድ ሰው በታልማን አውራጃ አልተወለደም። አንዱ ይመጣና ግማሿን ቆርጦ ይወስዳል፤ ቀጥሎ የመጣው የግማሿን ግማሽ፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ቢላዋው እስኪቸገር ድረስ ያሳንሳታል። ጣት የማታክል ስትቀር ሁሉም «ኧረ እኔ በቃኝ» ብሎ ይሸሻታል፤ ለባለቤቷም ተሸፍና ወደ ቤት ትመለሳለች። የዚያ እሁድ ግብዣ በእርግጥ ነበር፤ ማስታወቂያው በኢንተርኔት ስለወጣ የትም ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። ፓዩን የጋገርኩት ግን እኔ ነበርኩ። የተረፈችውን ትንሽ ቁራሽ ሰኞ ጠዋት ለሜርል ወስጄ በማንኪያ አጉርሼዋለሁ።

አቶ ሃንክ «ግጥም» ሲሉ ሜርል ራሱን መነቅነቁን አቆመ። ከዚያም፣ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያልወጣው ባለቤቴ፣ «እኔ ነኝ'ኮ የበላኋት» አለ። ግራ እጁንም ወደ ሬዲዮው ዘርግቶ ዘጋዎት። ነርሷ እየሮጠች መጣች፤ እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ግን ተቆጥቶ ስለነበር ሁለታችንንም አላየንም። ሐኪሞች ያልቻሉትን በአንድ ውሸት ስላስቻሉት፣ በቤተሰባችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

በዚያው ሳምንት ወደ ቦርዱ ስብሰባ ሄድኩ። በሰው ፊት ቆሜ መናገር አልወድም፤ ግን ቆምኩና አቶ ሃንክ ያሉትንና ሜርል ያለውን ተናገርኩ፤ ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ሰብሳቢው ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ምድር ቤት የበሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «ሙሉዋን? ሳይቆርጥ?» አሉ። «ሳይቆርጥ» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «በስመአብ» ሲል ተሰማ። ከአቶ ሃንክ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ መንግሥት ብክነት ስንቱን ስንሰማ ማንም አልጠየቀም፤ ይህችን ማመን ግን ለማንም አልሆነለትም። ሰብሳቢውም «እንግዲያው ይሄ ሃንክ የሚባለው መጥቶ ራሱ ይናገር፤ እስከዚያ ድምፅ አንሰጥም» ብለው ጉዳዩን ወደሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፉት።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ስብሰባው በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ በአውራጃው ፍርድ ቤት አዳራሽ ይደረጋልና፣ አቶ ሃንክን እባክዎ ይላኩልን። ከፊት ረድፍ ወንበር ይዘንላቸዋል፤ በዚያ ረድፍ ከእኛ ማንም ስለማይቀመጥ በምቾት ይቀመጣሉ። ሜርልን በተሽከርካሪ ወንበር አመጣዋለሁ፤ አንድ የሚላቸው ነገር ሳይኖር አይቀርም። እሳቸው ካልመጡ ግን መጦሪያው ይዘጋ ያለው የታልማን ሰው ማን እንደነበር ቦርዱ ማወቅ ይፈልጋል፤ እኔም እፈልጋለሁ።

ጉሮሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፣ ዶሮዎን ያሰንብትልዎ፣ ባቄላዎን እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያቆይልዎ እያልኩ፣ ካስተማሩኝ በላይ ባልጠረጥርም ከዚያ ባላነሰ የምጠረጥር፣

ትሑት አድማጭዎ የነበርኩ፣
አርዲስ ሉንድግረን
ታልማን አውራጃ፣ ነብራስካ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሁድ እንደገና የፖም ፓይ ጋግሬ ነበር። የመጨረሻዋ ቁራሽ በአውራጃችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላዋ ሳይነካት ቀረች፤ ሰው ሁሉ «ተዋት፣ የሃንክ ናት» እያለ አለፋት። ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፌ ከሳህኗ ሥር ለጥፌ በረዶ ቤት አስቀምጬላቸዋለሁ። ሐሙስ መምጣት ካልተመቻቸው ግን በእርስዎ አድራሻ እልካታለሁ፤ የሚበላት አፍ ያው አንድ ይመስለኛል።