ተራ መጠበቅ ያቃታቸው ግራንድማስተር

ግራንድማስተር ግሪጎሪ ቬትሉጊን ከባቡር ነጂው ከፓቬል ቬትሉጊንና ከመምህርት ሉድሚላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1958 በሩሲያ፣ ሳራቶቭ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ሲያወጉ፣ በሆድ ሳሉም አርፈው አልተቀመጡም።

ቼዝ የጀመሩት በሰባት ዓመታቸው ነው። በ1976 የወጣቶችን ውድድር አሸነፉ፤ በ1991 ግራንድማስተር ተባሉ። ተጫውተው ሰዓቱን መታ እንዳደረጉ ብድግ ብለው አዳራሹን ይዞሩ ስለነበር፣ ከጭንቅላታቸው ቀድሞ ጫማቸው ያልቃል ይባል ነበር።

በ1988 ሌኒንግራድ ሕክምና ይማሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ባየሽ ሳህሉ ጋር ተጋብተው ትሕትናንና ኢያሱን ወለዱ። በ1999 ሚኒሶታ መጥተው ሴንት ሉዊስ ፓርክ ገቡ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስም ድራይቭ ማድረግ ያዙ። ልጆቻቸው የሚያውቋቸው በአውቶቡሱ ብቻ ነበርና፣ አንድ ጊዜ እንኳ በልጆቹ ፊት ዋንጫ ማንሳት አጥብቀው ተመኙ።

በ2007 አማታቸው አባባ ሳህሉ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረዋቸው መኖር ሲጀምሩ የአገራችንን የጥንት ቼዝ፣ ሰንጠረዥን አስተማሯቸው። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ወገን እንዳሻው ያንቀሳቅሳል። ግራንድማስተሩ በቼዝ ልማዳቸው ተራ ለመጠበቅ ቆም ሲሉ አባባ ሳህሉ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ተራ የሚጠብቅ ዳቦ ቤት ይሰለፍ!» ይሏቸዋል። ያን ዕለት የእድሜ ልክ ጥድፊያቸው ፈቃድ አገኘ።

ጣጣው የመጣው በ2010 በከተማው ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ ነው። ልጆቻቸው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ለዋንጫው እርሳቸውን አቻ መውጣት ብቻ ይበቃቸዋል። ተጋጣሚያቸው ገና እያሰበ ፈረሳቸውን አንስተው አስቀመጡ። ዳኛው አስጠነቀቀ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት፤ በደንቡ መሠረት ተሸነፉ። አባባ ሳህሉ «እኔ ነኝ ያበላሸሁህ» ቢሉ፣ «የለም አባባ፣ እዚህ አገር ዳቦ ቤት ሰልፍ የለም፤ ቼዙ ላይ ነው ያለው» ብለው ሳቁ። ሌሊቱን ግን ሲንጎራደዱ አደሩ፤ ከታች የምንኖር ጎረቤቶችም አብረን አደርን።

በ2014 በዚያው ውድድር መዳፋቸው ላይ ተቀምጠው ተጫወቱ። እጃቸው በወጣ ቁጥር ትሕትና ከፊት ወንበር «ዳዲ፣ ዌይት!» ትላለች። ዳኛው ትሕትናን ከአዳራሹ አስወጣት፤ ዋንጫው ግን ቤት ገባ። በማግሥቱ አውቶቡሱ ፊት ላይ ተቀምጦ ታየ።

ባደረባቸው የጣፊያ ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው ኖቬምበር 9 ቀን 2025 በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። የዘጠና አራት ዓመቱ አባባ ሳህሉ አልጋቸው አጠገብ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ እንኳ የኔ ተራ ነበር» አሏቸው።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አማታቸውና ወዳጅ ጎረቤቶቻቸው ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ እዚያስ እንኳ አርፈው ይቀመጡ።