ከጫፍ መቁጠር

መጋቢት 3

ዛሬም ፊልም ስቆርጥ ዋልኩ። የእሑዱን ጨዋታ በየአሰላለፉ ከፋፍዬ ለአሠልጣኞቹ ላክሁ። «ሄይ ቪዲዮ! ሁለተኛው ኳርተር የታለ?» ይላል አንዱ። ልኬዋለሁ እኮ... ኢሜልህን ክፈት። እዚህ ኧርቪንግ ከተማ ያለው ክለባችን ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ስሜ አሁንም ቪዲዮ ነው። ትንሽ የፀደይ ሊግ ናት፤ በእጅ የሚወረወረው የአሜሪካኖቹ ፉትቦል። ቢሆንም ፕሮ ነን፤ ተጫዋቹ ይከፈለዋል፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን ይታያል።

ምሳ የዶሮ ክንፍ መጣ። ጾም ነው አልኩ። ማን ሰምቶኝ? ለውዝ ቆረጣጥሜ ዋልኩ።

ይሄን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ቢሮ ውስጥ ማንም እንዳያነበው ነው። ፎቶ ለማንሳት ግን ማንበብ አያስፈልግም። ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።

መጋቢት 7

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ማስታወቂያ ተነገረ። «የእትዬ ሰርካዲስ ልጅ ናሆም የኦስቲን ቡድን የማጥቃት አሠልጣኝ ሆኗል። አዲስ አሰላለፍ ፈጥሮ አሜሪካኖቹን ግራ እያጋባቸው ነው!» ጭብጨባ። እትዬ ሰርካዲስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡ። አባዬም አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አሰላለፉ የኔ ነው። የኔ!

እስከ ጥር ናሆም የኛ ክለብ ረዳት አሠልጣኝ ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሐበሻ፤ እንደ ወንድም አየሁት። ኅዳር ላይ አዲሰን ከተማ ወስዶ ምሳ ጋበዘኝ። ደብተሬን ከፍቼ ስዕሉን አሳየሁት። እጄን ታጥቤ ስመለስ ስልኩን ኪሱ ሲከት አየሁ... ምንም አልጠረጠርኩም። ምን ዓይነት ቂል ነኝ? በሦስተኛው ሳምንት ስዕሌ የስብሰባ ክፍላችን ትልቁ ስክሪን ላይ ነበር፣ የናሆም ሐሳብ ተብሎ። እኔ «ጓዳ» ነበር ያልኩት። እሱ ባደገባት ከተማ ስም «ሪቻርድሰን» አለው። ስሙንም አልተወልኝም።

ለዋናው አሠልጣኝ ለኮች ዊትፊልድ ነገርኩት። ደብተሬን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። «ይሄን ማን ያነበዋል? ማስረጃ አይሆንም» አለና መለሰልኝ። በወሩ ኦስቲኖች ናሆምን ወሰዱት።

አይለፍልህ ናሆም። አይለፍልህ።

መጋቢት 12

አሰላለፉን ያገኘሁት ከአባዬ ነው። እሱ አያውቅም። አባዬ ኤርፖርት የፓርኪንግ አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ቀን አብሬው ተሳፍሬ ሳለ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሻንጣውን አቀበለው፣ ተሳፈረ፣ ወረደ... አላወቀውም። ስሙ «ኃይለ መስቀል» ተብሎ ደረቱ ላይ ተጽፏል እኮ! ሰው የሚያየው የቆምክበትን ቦታ ነው።

ጓዳም ይኸው ነው። መስመር ላይ ሰባት ሰው ይቆማል። ከሰባቱ ኳስ መቀበል የሚፈቀድላቸው በሁለቱ ጫፎች ያሉት ብቻ ናቸው። መሃል ያሉት አምስት ግዙፎች ሥራቸው መግፋት ነው። ስለዚህ ተከላካይ ከመሃል ይጀምርና ይቆጥራል፤ በግራ ሁለት ግዙፍ፣ በቀኝ ሁለት ግዙፍ። እነሱን ይተዋል፣ ከነሱ ውጭ ያለውን ይጠብቃል። እኔ ከግራ አንዱን ግዙፍ አንሥቼ ወደ ቀኝ ወሰድኩት። በለቀቀው ቦታ 88 ቁጥርን፣ ኳስ ተቀባዩን፣ አቆምኩት። አሁን የግራው ጫፍ እሱ ነው። ቁጥሩ ደረቱ ላይ አለ፤ ግን የግዙፍ ቦታ ላይ አጎንብሶ ቆሟልና ማንም አያየውም። ኳሱ ሲነሣ ብቻውን ይሮጣል፤ ኳርተርባኩ፣ ኳስ ወርዋሪው፣ ይወረውርለታል።

ሰው ይገርማል። አሥራ አንድ የሠለጠነ ተከላካይ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሰባት መቁጠር ያቅተዋል።

መጋቢት 27

ኦስቲን አራት ጨዋታ፣ አራት ድል። አራቱንም ቆረጥኩ፤ በገዛ እጄ። ኮሜንታተሩ «ጂኒየስ» ይለዋል። ስሰማው ጥርሴን ነክሼ ነው።

ግን አንድ ነገር... ደጋግሜ አየሁት። ናሆም ጓዳን በየጨዋታው ሦስት አራት ጊዜ ያስጫውታል። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት አንዴም አልሰረዘውም። ለምን አይሰርዝም?

ደብተሬን አወጣሁ። ከስዕሉ በታች የጻፍኩትን አነበብኩ። «አደጋ፦ 88 ሲሮጥ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ የኳርተርባኩ ጀርባ ክፍት ነው። ከጫፍ የሚቆጥር ተከላካይ ከመጣ ያልቅልናል። 88 ፊት ለፊት ሰው ከቆመ ወዲያው ይሰረዝ።»

ብቻዬን ሳቅሁ። እንባዬ እስኪመጣ።

ናሆም አማርኛ ማንበብ አይችልም! እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሲያስተምሩን፣ የገዛ ልጃቸው በጓሮ ወጥቶ ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ይወረውር ነበር። እኔ ግን ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። ስዕሉን ሰረቀ፣ ጽሑፉ አላስፈለገውም። ጌጥ መሰለው መሰለኝ። እናቱን እንዳያስነብብ ደግሞ የእጅ ጽሑፌን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያውቁታል።

ግንቦት 9 ከኦስቲን ጋር ነን።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ቄሱ ይቅር ተባባሉ አሉ። እሺ... ከግንቦት 9 በኋላ።

ሚያዝያ 27

ኮች ዊትፊልድ ቢሮ ገባሁ። ኦስቲንን ማቆም እችላለሁ አልኩት። ሳቀ። «እስካሁን ማንም አላቆማቸውም» አለ። ስለዚህ ምን ትከስራለህ? አልኩት። ሰዓቱን አየ። «ከተከላካዮቹ ጋር ዐሥር ደቂቃ። እምቢ ካሉሽ ወደ ፊልምሽ ትመለሻለሽ።»

ከተሳሳትኩ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።

ግንቦት 4

ተከላካዮቹ ፊት ቆምኩ። እያንዳንዳቸው በር ያህላሉ። ስልክ የሚነካካ አለ፣ የሚያዛጋ አለ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ካፌው በር ላይ በየቀኑ ሰላም የሚላችሁ ሰውዬ... ስሙ ማነው?»

ስልክ የሚነካካው ቀና አለ።

«ሸሚዙ ላይ ተጽፏል። የኔስ ስም?»

አንዱ ቀስ ብሎ «ቪዲዮ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ባጄን ወደ ፊት ዘረጋሁለት። አንገቱን ደፋ። 55 ቁጥር ነው፣ ዴሾን ይባላል።

ከዚያ ነገርኳቸው። ቦታውን ሳይሆን ቁጥሩን እዩ። ከመሃል ሳይሆን ከጫፍ ቁጠሩ። የግራው ጫፍ 88 ከሆነ አንዳችሁ እሱን ያዙት፤ ዴሾን፣ አንተ እሱ ትቶት በሚሄደው ቀዳዳ ግባ። ሌላ ነገር አታስብ።

ዐሥሩ ደቂቃ አርባ ሆነ። ስወጣ ዴሾን «ቴንክስ፣ ሔራን» አለኝ።

ግንቦት 9

አሸነፍን። ልጻፈው... ቀስ ብዬ።

ፎቅ ላይ ካሜራዎቹ ጋ ነበርኩ። ናሆም ታች፣ ማዳመጫ አድርጎ ይንጎራደዳል። ሁለት ኳርተር ጓዳን አላወጣም። ሦስተኛው ላይ ዐሥራ አራት እኩል ስንሆን ግዙፉ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ። 88 ገብቶ አጎነበሰ። ዴሾን ጣቱን አወጣ፤ ከጫፍ ይቆጥራል! ከዚያ መጥቶ 88 ፊት ለፊት ተገተረ። ሰርዘው ናሆም፣ አሁን ሰርዘው... አልሰረዘም። ከየት ያውቃል?

ኳሱ ተነሣ። 88 ሮጠ፤ የኛ ሰው ተከተለው። ዴሾን በባዶው ቀዳዳ ገባ። ኳርተርባኩ ጀርባውን ሰጥቶት ነበር። የግጭቱ ድምፅ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ኳሷ አመለጠች፣ የኛ ልጅ አንሥቶ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጦ አስቆጠረ። ስታዲየሙ አበደ።

ኳርተርባኩ ግን አልተነሣም። አንድ ደቂቃ... ይሄ ልጅ ምን አደረገኝ? ተነሥ በናትህ። ተነሣ፤ ትከሻውን ይዞ ወጣ። ያኔ ነው ደስታዬን የጀመርኩት።

ናሆም ማዳመጫውን አውልቆ ቆሟል። ካሜራዬን ፊቱ ላይ አደረግኩና አጎላሁት። ሥራዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው የቀረጽኩት። ሦስቴ አየሁት።

ግንቦት 10

ከቅዳሴ ስወጣ እትዬ ሰርካዲስ መኪናቸው ጋ ጠሩኝ። ስልካቸውን አወጡ። የደብተሬ ገጽ!

«ትናንት ላከልኝ። ‹እማ ይሄን ሪድ አድርጊልኝ፣ አርጀንት ነው› አለኝ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ... ከዚያ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም ወይ?»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«መቼ ወሰደው?»

ነገርኳቸው። የአዲሰኑን ምሳ፣ ስልኩን፣ ስክሪኑን። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «ያን ቀን ተነሥቼ እጅ የነሣሁት ባንቺ ሥራ ነዋ!» አሉ።

ለዚህች ሰዓት ስንት ወር ጠበቅኩ! ናሆም ተዋረደ፣ ደስ ብሎኛል፣ አሁንም ደስ ይለኛል። የእሳቸውን ፊት ግን አላሰብኩበትም። ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ሲዝኑ ሲያልቅ ይመጣል» አሉ መኪናቸውን እያስነሱ። «ለኔ ተይው።»

ግንቦት 19

ኮች ዊትፊልድ ጠራኝ። ናሆም ራሱ ደውሎ ነግሮታል! እናቱ አስገድደውት መሆን አለበት። «ያንን ደብተር ልየው?» አለኝ። አሁንም ማንበብ አትችልም አልኩት። ሳቀ። የሚቀጥለው ሲዝን ከአሠልጣኞቹ ጋር እቀመጣለሁ። አባዬ ሲሰማ «ምንድን ነው ያስተማርሻቸው?» አለኝ። አንተን ነው አልኩት። አልገባውም።

ሰኔ 7

ቅዳሜ። የፊደል ትምህርት። ሰባት ሕፃናትና ናሆም።

የትንንሾቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እትዬ ሰርካዲስ መጠቆሚያውን እጄ ላይ አደረጉ። «ተማሪሽ ነው» ብለው ከኋላ ተቀመጡ።

«ሔራን፣ ሶ... ማለቴ፣ አይም ሪሊ ሶሪ። ኳርተርባኩም ኦኬ ነው...»

«መጀመሪያ አንብብ።»

ያነሣውን ፎቶ በወረቀት አሳትሜ መጥቻለሁ። ፊቱ አስቀመጥኩለት። አደጋ የሚለው ጋ ሊሄድ ሲል በመጠቆሚያው መለስኩት። ከላይ። ከመጀመሪያው መስመር።

ጣቱን ፊደሉ ላይ አደረገ። ላበው። «ሔ...» የፊደል ገበታውን ቀና ብሎ አየ። «...ራ...» አልረዳሁትም። «...ን።» የአባዬ ስም ላይ ሦስቴ ተሳሳተ። ሕፃናቱ ሳቁ። እናቱ አልሳቁም። እኔ አልቸኮልኩም፤ ቀኑ ገና ነው። በመጨረሻ ጨረሰው፣ ሔራን ኃይለ መስቀል፣ ጮክ ብሎ፣ እናቱ ፊት።

«ድገመው» አልኩት።